የውርስ ሥልጣን፦ በጥንቶቹ የስፔን ቅኝ ግዛቶች የገዙ ወይዛዝርት

ጁን 13 ቀን 1527 የስፔን ዘውድ አንዲትን ሕፃን የደሴት ገዥ አድርጎ ሾመ። ልጅቷ አልዶንሳ ማንሪኬ ትባላለች፤ ደሴቲቱ ዛሬ በቬኔዝዌላ ሥር ያለችው ማርጋሪታ ናት። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቷ ማርሴሎ ዴ ቪያሎቦስ በሳንቶ ዶሚንጎ የንጉሡ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። በማርች 1525 ማርጋሪታን በራሱ ወጪ ሊያቀናና ሰው ሊያሰፍርባት ከዘውዱ ጋር ተዋዋለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። መብቱ ለወራሽ የሚተላለፍ ነበርና ሹመቱ ወደ ልጅቷ ዞረ። እናቷ ኢሳቤል ማንሪኬ በሞግዚትነት አስተዳደረች፤ ልጅቷም ካደገች በኋላ እስከ 1575 ገደማ የደሴቲቱ ባለሥልጣን ሆና ኖረች። ሲደመር ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ምድር ይህን ያህል የቆየ ወንድ ገዥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

እንዲህ ስላሉ ሴቶች ሲወራ ቶሎ የሚመጣው አድናቆት ነው፤ ጀግና ነበረች፣ ለባሏ ታማኝ ነበረች፣ ወይም ደግሞ ጨካኝ ነበረች ይባላል። እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ሥልጣኗ የቆመው በየትኛው ወረቀት ላይ ነው? የገዥነት ምልክት የሆነውን የፍርድ በትር በእጁ የጨበጠው ማን ነው? ለማንም ሳትሰጥ ለራሷ ያስቀረችውስ ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ብዙ ይናገራል።

ከወረቀቱ እንጀምር። ዘውዱ አዲስ አገር ለመያዝ የሚያወጣው ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ከአንድ ባለሀብት ወይም የጦር አለቃ ጋር ይዋዋላል። ሰውዬው መርከቡን፣ ፈረሱን፣ ስንቁንና ወታደሩን በራሱ ኪስ ያሰናዳል፤ በምላሹ የገዥነት ማዕረግ ይሰጠዋል። ደመወዝ ይቆረጥለታል፣ ግን የሚከፈለው ከዚያው ሊይዘው ካሰበው አገር ገቢ ነው፤ አገሩ ካልተገኘ ደመወዝም የለም። የቤተሰቡን ሀብት በሙሉ በእንዲህ ዓይነት ነገር ላይ የሚያፈስ ሰው ነገ ብሞት ልጆቼ ምን ይቀራቸዋል ማለቱ አይቀርም። በብዙ ውሎች ውስጥ ሹመቱ «ለሁለት ዕድሜ» ይሁን የሚል አንቀጽ የሚገባው ለዚህ ነው፤ አንዱ ዕድሜ የተዋዋዩ ነው፣ ሁለተኛው የወራሹ። ወራሹ ወንድ ይሁን የሚል ቃል ከሌለበት ደግሞ ሴት ልጅ ወይም ሚስት ትገባበታለች።

ሕጉም ይህን አስቀድሞ አስቦበት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ የተደነገገው የካስቲያ ሕግ ሴት ዳኛ እንዳትሆን ይከለክልና ወዲያው አንድ በር ይከፍታል፤ ንግሥት፣ የካውንት ማዕረግ ያላት እመቤት ወይም ግዛት በውርስ የያዘች ሌላ ወይዘሮ ከሆነች፣ አዋቂዎችን እያማከረች መፍረድ ትችላለች። ስለዚህ ለሥልጣን የሚያበቃት ውርሱ ነው። አዋቂዎችን ማማከሩ ደግሞ በተግባር በወንድ ምክትል ተተካ። በነዚህ ሴቶች ታሪክ ሁሉ ውስጥ አንድ ምክትል ቆሞ የምናየው ከዚህ የተነሳ ነው። ምክትሉን አይቶ «እንግዲያው የገዛው እሱ ነው» ማለት ፈጣን ፍርድ ይመስለኛል፤ ወንዶቹም ገዥዎች ባሕር ማዶ ተቀምጠው በምክትል ያስተዳድሩ ነበር፤ ስለነሱ ግን እንዲህ ሲባል አይሰማም።

ሌላው ሕግ በ1505 በቶሮ ከተማ የታወጀው ነው። በዚህ ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መዋዋልም ሆነ ፍርድ ቤት መቆም አትችልም፤ ባሏ የሞተባት ግን ትችላለች። ባሏ ሩቅ አገር የሄደ ደግሞ ውክልና ጽፎ ከተወላት ትችላለች። ሥልጣን ይዘው የምናገኛቸው ወይዛዝርት አብዛኞቹ ወይ ባል የሞተባቸው ወይ ባላቸው የዘመተ መሆኑ ከዚህ ይመነጫል።

ውክልናው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ኩባ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሄርናንዶ ዴ ሶቶ በ1537 የኩባ ገዥነትንና ፍሎሪዳን የመያዝ ፈቃድን አንድ ላይ አገኘ። ሚስቱ ኢሳቤል ዴ ቦባዲያ ተራ ሚስት አልነበረችም። አባቷ የፓናማና የኒካራጓ ገዥ የነበረው ፔድራሪያስ ዳቪላ ነው፤ ቤተሰቦቿ ለጋብቻዋ ከሰጧት ሀብት ውስጥ በፓናማ ያሉ ከብቶችና ባሪያዎች ይገኙበታል። ዴ ሶቶ ሜይ 18 ቀን 1539 ከሀቫና ሲነሳ የኩባን አስተዳደር ለእሷ ተወላት፤ በሀቫናና በሳንቲያጎም ምክትሎች ነበሩ። የሀቫና የመጀመሪያው ምሽግ የተሠራው በእሷ ዘመን ነው፤ ለዘመቻው ስንቅ የሚሰበሰበውም ከዚያው ከደሴቲቱ ነበር። ዴ ሶቶ ሜይ 21 ቀን 1542 ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሞተ። ከሠራዊቱ የተረፉት ሜክሲኮ ጠረፍ የደረሱት በሴፕቴምበር 1543 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በሞተ ሰው ስም አስተዳድራለች ማለት ነው፤ አላወቀችም፣ ማንም አላወቀም። የውክልና ድክመቱ ይህ ነው፤ ሰጪው ሲሞት አብሮት ይሞታል። ወሬው እንደደረሰ ገዥነቷ አበቃ፤ በዲሴምበር 1543 የባሏ ንብረት በሀቫና በጨረታ ተሸጠ። እሷም ወደ ስፔን ተመልሳ ከባሏ የቀድሞ የንግድ ሸሪክ ከኤርናን ፖንሴ ዴ ሌዮን ጋር በሀብት ክርክር ተጠመደች።

ከዚያ ከመጀመሪያው ኋላ በተሠራው በሌላው የሀቫና ምሽግ ማማ ላይ ቆማ የኖረችውን ላ ሂራልዲያ የምትባል የነሐስ የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ሐውልት ሰዎች ኢሳቤል ናት ይላሉ፤ ከዚያ ማማ ላይ ሆና ባሏን ስትጠብቅ በሐዘን ሞተች ይባላል። ያ ምሽግ መሠራት የጀመረው በ1558 ነው፤ እሷ ኩባን ከለቀቀች ከዓመታት በኋላ። ሐውልቷ የተቀረጸችው ደግሞ በ1630ዎቹ ነው። አፈ ታሪኩ ሒሳብ ስትተሳሰብና ምክትሎችን ስታዝ የነበረችን ሴት መስኮት ላይ አስቀምጦ የሚያስለቅስ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከኩባ በፊት በሳንቶ ዶሚንጎ የነበረችው ማሪያ ዴ ቶሌዶ የአልባው መስፍን የወንድም ልጅና የንጉሥ ፈርዲናንድ ዘመድ ነበረች። የክሪስቶፈር ኮሎምበስን ልጅ ዲዬጎን አግብታ በ1509 ወደዚያ ሄደች። ዲዬጎ በ1515 እና በ1523 ለክርክር ወደ ስፔን ሲጠራ ቤቱንና ጥቅሙን ይዛ የቀረችው እሷ ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት የፍርድ ቤቱ ዳኞችና የንጉሡ ገንዘብ ያዥ ሚጌል ዴ ፓሳሞንቴ ግን የኮሎምበስን ቤት ሥልጣን ለመሸርሸር ሌት ተቀን የሚሠሩ ነበሩ። ዲዬጎ በ1526 ሲሞት የበለጠ ጠነከረች። ወደ ስፔን ተሻግራ የልጇን የሉዊስን መብት በፍርድ ቤት ጠየቀች። በ1536 በተሰጠው የግልግል ውሳኔ ቤተሰቡ የእንደራሴነት ጥያቄውን ተወ፤ ሉዊስ የአድሚራልነቱን ማዕረግ፣ ጃማይካን፣ በመካከለኛው አሜሪካ ባለችው ቬራጓ ወርዱም ርዝመቱም 25 ሊግ (የዘመኑ የርቀት መለኪያ) የሆነ መሬትና በየዓመቱ 10,000 ዱካት የሚባል የወርቅ ገንዘብ አገኘ። አህጉር ይገባናል ብሎ ለተነሳ ቤት ትንሽ ነው ሊባል ይችላል። ተከራካሪው ግን ንጉሡ ራሱ ነበር፤ እሷም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ይዛ ወጣች። በ1544 ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ተመልሳ በ1549 እዚያው ሞተች።

አሁን ወደ ጓቴማላ እንሂድ፤ ምክንያቱም እዚያ ወረቀቱ የተለየ ነው። ቤያትሪስ ዴ ላ ኩዌቫ ገዥነቱን ከአባት አልወረሰችም፣ ባሏም ውክልና አልተወላትም፤ በድምፅ ተመረጠች። የጓቴማላ ገዥ የነበረው ባሏ ፔድሮ ዴ አልቫራዶ በሰሜን ሜክሲኮ በነበረ ውጊያ ፈረስ ወድቆበት በጁላይ 1541 መጀመሪያ ሞተ። መርዶው ሳንቲያጎ ዴ ጓቴማላ የደረሰው በኦገስት መጨረሻ ነው። የሜክሲኮው እንደራሴ አንቶኒዮ ዴ ሜንዶሳ በደብዳቤው ንጉሡ እስኪወስን ድረስ ለወንድሟ ለፍራንሲስኮ ዴ ላ ኩዌቫ ታዘዙ ብሎ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ግን ሴፕቴምበር 9 ቀን 1541 ተሰብስቦ ቤያትሪስን መረጠ።

ለምን እሷን? በጓቴማላ ይኖሩ የነበሩ ስፔናውያን ሀብታቸው የተመሠረተው አልቫራዶ ባከፋፈላቸው የአገሬው ሰዎች ጉልበትና ግብር ላይ ነው። ከሜክሲኮ አዲስ ሰው ቢላክ ክፍፍሉን እንደገና ሊያየው ይችላል። ባልቴቲቱ ግን የአልቫራዶ ቤት ናት፤ ዕዳውም ሀብቱም እሷ ጋ ነው፤ ትናንት የተሰጠው ነገ አይነጠቅም ማለት ነው። ዘመዶቿም በስፔን ቤተ መንግሥት ሰሚ ነበራቸው። ምርጫው ከአዘኔታ ይልቅ ከዚህ ስሌት የመጣ ይመስለኛል።

ቤያትሪስ በበትሩ መስቀል ላይ ማለች፤ በዚያው ዕለት በትሩን ለወንድሟ ሰጥታ ምክትሏ አደረገችው። አንድ ነገር ግን አልሰጠችውም። ተቀባዩ ስፔናዊ የሞተበት ወይም የለቀቀው የአገሬው ሰዎች ድልድል ሲገኝ ለማን እንደሚሰጥ የመወሰኑን መብት ለራሷ አስቀረች። የጓቴማላ ፖለቲካ ልቡ ይሄ ነበር። ማን ሀብታም እንደሚሆን፣ ማን ባለ ዕዳ ሆኖ እንደሚቀር፣ ማን ለማን እንደሚታዘዝ የሚወሰነው በዚህ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ «ዕድለ ቢሷ ዶኛ ቤያትሪስ» ብላ ፈርማ ስሟን በመስመር ሰረዘችው፤ «ዕድለ ቢሷ» የሚለው ብቻ ቀረ። ሰው የሚያስታውሰው ይህን ፊርማ ነው፤ እኔ ግን እዚያው መዝገብ ላይ ያስቀረችውን መብት ይበልጥ አስተውሉት እላለሁ። በሐዘን የተሰበረች ሴት ብቻ ብትሆን ኖሮ ሁሉንም ለወንድሟ ጥላ ትገባ ነበር።

ዝናቡ ቀድሞ ጀምሯል። ሴፕቴምበር 10 ቀን ሌሊት ከአጓ እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ጭቃ፣ ድንጋይና ግንድ ተጠራርጎ ከተማዋ ላይ ወረደ። ተራራው እሳት አልተፋም፤ ለቀናት በዝናብ የራሰው የተራራው አፈር ነው የተናደው። ቤያትሪስ ከሴቶቿና ከአልቫራዶ ትንሽ ልጅ ጋር ወደ ቤቷ የጸሎት ክፍል ሸሸች፤ ክፍሉ ተደርምሶ ገደላቸው፤ ጥላው የወጣችው ክፍል ግን ሳይፈርስ ቀረ። በከተማዋ በዚያ ሌሊት ከሞቱት አብዛኞቹ የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ውስጥ የታተመ የዜና ወረቀት 600 ያህል ይላቸዋል። ሕዝቡ ጥፋቱን በእሷ አሳበበ፤ ባሏ ሲሞት ቤቱን ጥቁር ቀለም አስቀብታ አልጽናናም በማለቷ እግዚአብሔር ተቆጣ ተባለ። ከተራራ ግርጌ፣ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ከተማ የሠሩት ወንዶች ስም ግን በዚያ ወቀሳ ውስጥ አልተነሳም። በቀናት ውስጥ ምክር ቤቱ ወንድሟንና ጳጳሱን ፍራንሲስኮ ማሮኪንን አንድ ላይ ሾመ፤ ከተማዋም ዛሬ አንቲጓ ወደምትባለው ቦታ ተዛወረች።

የኢሳቤል ባሬቶ ታሪክ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ባሏ አልቫሮ ዴ ሜንዳኛ የሰሎሞን ደሴቶችን ለማቅናት በ1595 ከፔሩ 4 መርከብና 378 ያህል ሰው ይዞ ተነሳ። በሴፕቴምበር አንደኛዋ መርከብ በጨለማ ጠፋች። ሳንታ ክሩዝ በምትባል ደሴት ላይ ሊሰፍሩ ሞከሩ፤ የተቀበላቸውን አለቃ ማሎፔን የራሳቸው ወታደሮች ገደሉት፤ ወታደሮቹ አመፁ፣ ወባ መሰል ትኩሳት ገባ። ሜንዳኛ ኦክቶበር 18 ቀን ሲሞት በኑዛዜው ገዥነቱን ለሚስቱ፣ የጦር አዛዥነቱን ለወንድሟ ለሎሬንሶ ሰጠ። ሎሬንሶም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተ፤ ሁሉም ነገር እሷ እጅ ገባ። ኖቬምበር 18 ቀን 3 መርከብ ይዘው ወደ ማኒላ ተነሱ።

ስለ ጉዞው የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከዋናው አቅጣጫ መሪ ከፔድሮ ፈርናንዴስ ዴ ኪሮስ ወገን ከተጻፈው ዘገባ ነው። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ግማሽ ፓውንድ ዱቄትና ሩብ ሊትር የማይሞላ፣ በረሮ የበሰበሰበት ውኃ ነበር። ዱቄቱን በባሕር ውኃ ለውሰው ረመጥ ላይ ይጋግሩታል። በዚህ መሀል ገዥዋ የራሷን ማድጋ ውኃ፣ ዘይትና ወይን ቆልፋ ይዛ ነበር፤ ልብሷን በንጹሕ ውኃ ታሳጥብ ነበር። ኪሮስ ሲለምናት በራሴ ንብረት እንደፈለግኩ ላደርግ አልችልምን በሚል መንፈስ መለሰችለት። በየቀኑ ማለት ይቻላል አስከሬን ወደ ባሕር ይጣላል፤ በመንገድ ላይ 50 ያህል ሰው ሞተ።

ኪሮስ ኋላ ራሱ ለተመሳሳይ ጉዞ ፈቃድ የጠየቀ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ በመብቱ ላይ ተቀናቃኙ ነበረች። ስለዚህ ስለ ጠባይዋ የሚለውን ሁሉ እንዳለ አልቀበለውም። የስንቁን ነገር ግን አምናለሁ፤ ከውሉ አሠራር ጋር ይገጥማልና። መርከቡና ስንቁ የዘውዱ አልነበረም፤ በገዥው ቤት ሀብት የተገዛ ነው። እሷን አዛዥ ያደረጋት ኑዛዜ የውኃውን ማድጋም በውርስ ሰጥቷታል። በአንድ ሰው ላይ ገዥነትና ባለንብረትነት ሲገጣጠሙ፣ ገዥዋ ልታካፍል የሚገባትን ባለንብረቷ ልትቆልፍበት መብት አላት። ወንዶቹም ይህንኑ አድርገዋል። ቢሆንም የተጠሙት ሰዎች ተጠምተዋል፤ ያንን ማቅለል አልፈልግም። ከሦስቱ መርከቦች አንደኛዋ ጠፋች፣ ሌላዋ ሚንዳናዎ ደረሰች፤ ኢሳቤል ያለችበት ሳን ሄሮኒሞ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1596 ማኒላ ወደብ ገባች። እዚያም ፈርናንዶ ዴ ካስትሮ የሚባል ሹም አገባች፤ ከዚያ በኋላ የሰሎሞን ደሴቶች መብት የእኛ ነው እያለ የሚከራከረው ባሏ ሆነ።

ስለነዚህ ወይዛዝርት ሥልጣን ስንናገር የሥልጣኑ ሸክም የወደቀባቸውን ሰዎች መዝለል አይገባም። ኢንኮሚየንዳ የሚባለው ሥርዓት የአንድን አካባቢ ሰዎች ግብርና ጉልበት ለአንድ ስፔናዊ ይሰጣል፤ እሱም ሊጠብቃቸውና ክርስትና ሊያስተምራቸው ይገደዳል ተብሎ ነበር። የአልዶንሳ ማርጋሪታ ሀብቷ ከጎረቤቷ ከኩባጓ የዕንቁ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። ኩባጓ ውኃም ማገዶም የሌላት ደረቅ ደሴት ነበረች፤ ዕንቁውን ከባሕር የሚያወጡት በግዳጅ የሚጠልቁ የአገሬው ሰዎች ነበሩ። በ1536 በወጣ ደንብ ባለ ኢንኮሚየንዳው ሲሞት ሕጋዊ ልጅ ከሌለው ሚስቱ ትወርሳለች። በዚህም ብዙ ባልቴቶች በአንድ ጀንበር የሺህ ሰዎች ግብር ተቀባይ ሆኑ፤ ወዲያውም ባል አግቢ የሚል ግፊት ከየአቅጣጫው መጣባቸው።

ከድል አድራጊዎቹ በፊት ሥልጣን የነበራቸው የአገሬው ወይዛዝርትም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ መንገድ ፈልገዋል። በፔሩ የዋይላስ አካባቢ ገዥ የነበረችው ኮንታርዋቾ የኢንካው ንጉሥ የዋይና ካፓክ ሚስት ነበረች፤ ልጇ ኪስፔ ሲሳ ፔሩን ከያዘው ስፔናዊ ከፍራንሲስኮ ፒሳሮ ልጆች ወልዳለች። በ1536 ኢንካዎቹ ሊማን ሲከቡ ኮንታርዋቾ የላከችው ጦር ለፒሳሮ ደረሰለት። በሜክሲኮ ደግሞ የአዝቴኮች ንጉሥ የነበረው የሞክቴዙማ ልጅ ኢሳቤል በ1526 የታኩባን ኢንኮሚየንዳ አገሩን ድል ካደረገው ከኮርቴስ ተቀበለች፤ በአባቷ ግዛት ላይ የነበራት የልጅነት መብት በስፔን ወረቀት ተጽፎ ተመለሰላት፣ ያውም ከፊሉ ብቻ። በ1550 በኑዛዜዋ የአገሬው ተወላጅ የሆኑ ባሪያዎቿ ነፃ እንዲወጡ አዘዘች።

ሁለቱ ዓለሞች በአንዲት ሴት ላይ የተገናኙት በሁዋና ዴ ሳራቴ ነው። አባቷ ሁዋን ኦርቲስ ዴ ሳራቴ የሪዮ ዴ ላ ፕላታን (የዛሬዎቹን አርጀንቲናና ፓራጓይ አካባቢ) ገዥነት ለሁለት ዕድሜ ተዋውሎ ነበር፤ እናቷ ሌዮኖር ዩፓንኪ ከኢንካ መሳፍንት ወገን ናት። በ1576 አባቷ ሲሞት ኑዛዜው ገዥነቱን ለልጁ ለሁዋና አላስጨበጣትም፤ እሷን የሚያገባው ሰው ገዥ ይሁን ይላል። የልጅቷ ጋብቻ እጅግ ሰፊ የሆነ ግዛት ጉዳይ ሆነ። የፔሩ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ ጋብቻውን በራሱ ፈቃድ ሊወስን ፈለገ፤ በዛሬዋ ቦሊቪያ የነበረው የቻርካስ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ሁዋን ቶሬስ ዴ ቬራ ግን ቀድሞ አገባት፣ ለዚህም ታሰረ። ጋብቻው እንዲሆን ያገዘው ሁዋን ዴ ጋራይ ምክትል ገዥ ተደርጎ ወደ ደቡብ ተላከ። ጁን 11 ቀን 1580 ቡዌኖስ አይረስን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመሠርት በትሩን የያዘው በቶሬስ ዴ ቬራ ስም ነው፤ ቶሬስ ዴ ቬራ ደግሞ በሁዋና ባልነቱ።